ዘንቢሌ ውስጥ ምን ይገባል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ዘንቢሌን ይዤ ገበያ ወጥቻለሁ። ሽንኩርት ይገባል፣ ቲማቲም አይገባም። ድንች ይገባል፣ ጎመን አይገባም። ሕጉ ምንድን ነው?

«ከመሬት ሥር የሚወጣ ነዋ!» ያላችሁ አትጠፉም። እስቲ ካሮት በሉኝ። አይገባም! ቅቤ ግን ይገባል።

ጨዋታው ይኸው ነው፤ አንዱ ሕግ ይደብቃል፣ ሌላው ቃል እየጣለ ያድናል። የሚያስቸግረን ግን ሕጉ ሳይሆን የራሳችን ጠባይ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ለ29 ተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጥቶ የተደረደሩበትን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቀ። ብዙዎቹ 8፣ 10፣ 12 እያሉ ግምታቸውን የሚደግፍ ምሳሌ ብቻ አከታተሉ። «ልክ ነው» በተባሉ ቁጥር ልባቸው ሞላ። ሕጉ ግን እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ይሁን እንጂ ሌላ ምንም አይልም፤ 1፣ 7፣ 50 ቢሉም ያልፍ ነበር። 6፣ 4፣ 2 ብሎ ግምቱን ለማፍረስ መሞከር ለብዙ ሰው አይመጣለትም። በመጀመሪያ መልሳቸው የመቱት 6 ብቻ ነበሩ።

ወደ ዘንቢሌ ልመለስ። ነገሩ የምግብ አልነበረም፤ የፊደል ነው። ሽ፣ ድ፣ ቅ፦ ቃሉ በሳድስ ፊደል ከጀመረ ይገባል። (ተንኮል ነው አትበሉኝ፤ ካሮት ነግሯችሁ ነበር።)

ምስር ይገባል። ጤፍስ? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

(ሙዚቃ)