ሃያ ዘጠኝ ለአራት
(በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተነገረ)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ የቤዝቦል ግጥሚያ ነው። ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ስለ ሆነ አስቀድመን ሕጉን በአጭሩ እንገልጣለን። አንዱ ወገን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው በሜዳው ያሉትን አራት ማረፊያዎች ዞሮ ከገባ ለወገኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ከመቺዎቹ ሦስቱ ከጨዋታ ሲወጡ ተራው ይለወጣል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። እንደ እግር ኳስ የሰዓት ገደብ ግን የለውም። የሚሸነፈው ወገን የዳኛ ፊሽካ ጠብቆ አይገላገልም፤ ሦስቱን መቺዎች ራሱ ታግሎ እስኪያስወጣ ድረስ ዱላው አይቆምም።

እንግዲህ ሰኔ 1 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950፣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፣ ፌንዌይ ፓርክ በሚባለው ሜዳ ቦስተን ሬድ ሶክስና ሴንት ሉዊስ ብራውንስ ተጋጠሙ። በዋዜማው ቦስተኖች 20 ለ 4 አሸንፈው ነበር። በማግስቱ በመጀመሪያው ዙር ምንም አላገቡም። በሁለተኛው ግን 8፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 ነጥብ አገኙ። ቦቢ ዶር የተባለው ተጫዋች ሦስት ጊዜ፣ ዋልት ድሮፖና ዝነኛው ቴድ ዊልያምስ ሁለት ሁለት ጊዜ ኳሱን አርቀው መትተው በአንድ ምት አራቱን ማረፊያ ዞሩ። ፍጻሜውም 29 ለ 4 ሆነ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ በታላቁ ሊግ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ነጥብ ያገባ ቡድን አልነበረም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ እንዲህ ባለ ቀን በተሸናፊው መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ብራውንሶች ሜዳውን ጥለው አልሄዱም፤ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ተጫወቱ።

ደግሞ የአሸናፊውን ነገር እንመልከት። ቦስተኖች በሁለት ቀን 49 ነጥብ ቢያገቡም የተጻፈላቸው ሁለት ድል ብቻ ነው። በ1 ነጥብ ያሸነፈም በ25 ያሸነፈም እኩል ነውና። የተረፈውን ነጥብ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይቻልም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦስተኖች 94 ጊዜ አሸንፈው ሦስተኛ ሆኑ፤ አንደኛው ኒው ዮርክ ያንኪስ በአራት ድል በልጧቸው ነበር። ብራውንሶችም ከስምንቱ ቡድኖች ሰባተኛ ወጡ።

የብራውንስ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ክለቡ በ1946 ዓ.ም. ወደ ባልቲሞር ከተማ ተዛውሮ ኦርዮልስ ተባለ። በ1959፣ በ1963ና በ1976 ዓ.ም. የአሜሪካን ታላቅ ሻምፒዮና አሸነፈ። ነሐሴ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ደግሞ 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በቴክሳስ ሬንጀርስ 30 ለ 3 ተሸነፈ! የሚገርመው፣ እነዚያ 30 ያገቡት ሬንጀርሶች በዚያው ዓመት የምድባቸው መጨረሻ ሆኑ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሒሳብ 100 ያገኘ ተማሪ ትርፉን ወስዶ በታሪክ ፈተናው ላይ ሊጨምረው አይችልም። በአንድ ፈተና የወደቀውም ስሙ ለዘለዓለም ወዳቂ ተብሎ አልተጻፈም። ወላጆቻችንም አንዲት የፈተና ወረቀት አይታችሁ በልጃችሁ ላይ እንዳትፈርዱ በትሕትና እንለምናለን። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የሚጠብቀን ብዙ ዙር ነው፤ በአንዱ ብንሸነፍ ለሚቀጥለው ተራችን ዱላችንን ይዘን መቆም ይገባናል።