በቀኙ ጥቁር፣ በግራው ጥቁር

(በተማሪዎች ኅብረት አዳራሽ፣ ፊልም ከታየ በኋላ የተደረገ ንግግር)



አሁን ያየነው ፊልም ስታር ትሬክ ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢት አንዱ ክፍል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1969 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ገና ዘጠኝ ወር ማለፉ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ስለ ማን እንደ ሆነ የዚያን ጊዜ ተመልካች አላጣውም። ጠፈሩ ሽፋን ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ኦሊቨር ክሮፎርድም በ1950ዎቹ የባልደረቦቹን ስም ለመርማሪዎች አልሰጥም በማለቱ ከሥራ የታገደ ሰው ስለ ነበር፣ ስለ መሳደድ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ዘግይተው ለደረሱትና ይህን በመጽሔታችን ለሚያነቡት ታሪኩን ባጭሩ ልድገመው። ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የጠፈር መርከብ በተሕዋስያን መቅሠፍት የተያዘች አንዲት ፕላኔት ለማዳን ትጓዛለች። በመንገዷ ላይ በተሰረቀች ትንሽ መንኮራኩር የሚሸሽ ሎካይ የሚባል ሰው ታገኛለች። ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። ብዙም ሳይቆይ ቢል የሚባል አሳዳጁ ይደርሳል። የቢል መርከብ በዓይን አትታይም፤ ይህም ለአዘጋጆቹ ኪስ ሳይመች አልቀረም። ቢልም ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። ሁለቱም ቼሮን የምትባል ዓለም ልጆች ናቸው። አሳዳጁ ተሳዳጁን ሲከተል 50,000 ዓመት ሆኖታል።

ካፒቴን ኪርክና ስፖክ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት መስለዋቸው ነበር። ቢል በዚህ በጣም ይገረማል፤ ይቆጣልም። እሱ በቀኙ ጥቁር ነው፤ የሎካይ ወገኖች ደግሞ ሁሉም በግራቸው ጥቁር ናቸው። ይህን እንዴት ማየት ያቅታችኋል ነው ጥያቄው።

ሰዎች በዚህ ቦታ ይስቃሉ፤ እኛም ስቀናል። ይሁን እንጂ ይህን ፊልም እዚህ አዳማ ላይ ለሚያየው ሰው ከሳቁ በኋላ የሚቀር ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱን ያገኛል፤ ደብረ ዘይትም ትባላለች። ሞጆ ላይ ያርፋል፤ ሞጆ ሞጆ ብቻ ናት። ወደ ምሥራቅ ቢቀጥል አዳማ ወይም ናዝሬት ይገባል። ወደ ደቡብ ቢታጠፍ መቂን አልፎ ባቱ ወይም ዝዋይ ይደርሳል። በአንድ ቀን መንገድ ሦስት ከተሞች ስድስት ስም ይዘው ይጠብቁታል። አዳማ የሚለው ስም ከኦሮምኛው አዳሚ፣ ማለት ከቁልቋል፣ የመጣ ነው ይባላል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ይህችን ከተማ ከወንጌሏ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱንም ከደብረ ዘይት ተራራ ስም አወጣላቸው። በ1992 ዓ.ም. ከተማችን በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። በዚያው ጊዜ የኦሮሚያ ዋና ከተማነት ከአዲስ አበባ ወደዚህ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በ1996 ዓ.ም. ውሳኔውን የተቃወሙ ተማሪዎች ታሰሩ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ከተማነቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ ተባለ። የምንማርበት ግቢ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲቋቋም ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአንድ በር የወጡ ተመራቂዎች ሁለት ስም ያለበት ወረቀት ይዘዋል።

አዲስ አበባ መናኸሪያ የቆመ ረዳት «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ሲጮኽ ፖለቲካ እያሰበ አይደለም፤ የሚፈልገው ተሳፋሪ ነው። ነገሩን የምናከረው እኛ የተማርነው ነን። አንድ አዲስ ተማሪ መኝታ ክፍል ገብቶ «ከናዝሬት ነኝ» ሲል ከወዲያኛው አልጋ ያለው ልጅ በልቡ አንድ ነገር ይጽፍበታል። «ከአዳማ ነኝ» ቢል ደግሞ የሚጽፍበት ሌላው ነው። ልጁ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያስብ፣ ሌሊት ያንኰራፋ አያንኰራፋ እንደ ሆነ እንኳ ሳናውቅ ቀኙንና ግራውን ለይተን ጨርሰናል።

ከዚህ ተነሥቶ «ስም ምን ያደርጋል? ከተማው ያው አንድ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ይህ የካፒቴን ኪርክ አስተያየት ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሌላው ቁስል ምንጊዜም ቀላል ነው። ሎካይ በመዝናኛው ክፍል ለወጣቶቹ መርከበኞች ስለ ወገኖቹ ባርነት፣ በሌላ ሰው ጦርነት እየተማገዱ ስለ መሞታቸው ሲናገር ስፖክ ከበሩ ውጭ ቆሞ ያደምጣል። ስፖክ እንኳ ቆሞ ያደመጠውን ነገር ፊልሙ ራሱ በመጨረሻ ይረሳዋል። ሁለቱን ሰዎች እኩል እብዶች አድርጎ ይተዋቸዋል። አንደኛው የገዢዎች ፖሊስ፣ ሁለተኛው ከባርነት የተነሣ ታጋይ መሆኑ የት ደረሰ? ደራሲው እዚህ ላይ አቋራጭ መንገድ መርጧል እላለሁ። ሳይጠየቅ የአያቱ ቀዬ ስም የተለወጠበት ሰው ቅሬታው የቀለም ጨዋታ አይደለም፤ እውነተኛ ነው። ናዝሬት ተወልዶ፣ ናዝሬት ተድሮ፣ እናቱን ናዝሬት የቀበረ ሰውም ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የማንንም አያት እየሰደበ አይደለም። (የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ሰዎች የሆኑት ዛዮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ስለ ከተማው ስም ስንከራከር እነሱን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?)

ታዲያ ሎካይ እውነት ካለው የፊልሙ ጭንቅ ከምን ላይ ነው? እኔ እንደማየው ከመርከቧ ላይ ነው። የታመመ ሕዝብ መድኃኒት እየጠበቀ፣ ቢል መርከቧን በሐሳቡ ኃይል ጠልፎ ወደ ቼሮን ያዞራታል። ኪርክ፣ ስፖክና ስኮት መርከቧን ከነራሳቸው ለማፈንዳት ምሥጢራዊ ትእዛዛቸውን ይሰጣሉ፤ ቆጠራው ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩት ነው ቢል የሚለቀው። ሎካይም ቢሆን ስለዚያ ሕመምተኛ ሕዝብ አንድ ቃል አይጠይቅም። ለሁለቱም መርከቧ መሣሪያ ናት እንጂ የምትሄድበት የራሷ ጉዳይ አልነበራትም።

በ2012 ዓ.ም. ያየነው ይህንኑ ነው። በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎችም ግቢዎች ተዛመተ፤ ሺዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ። ከነዚያ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አስተማሪ ሊሆኑ የመጡ ነበሩ። ለስንቅና ለመሳፈሪያ በግ የሸጠ፣ የተበደረ አባት ልጁን የላከው መርከቧ የምትደርስበት ቦታ አለ ብሎ ነው።

ስለ ፊልሙ መጨረሻ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። መርከቧ ቼሮን ስትደርስ በሕይወት ያለ ሰው አልተገኘም፤ ሁለቱ ወገኖች ተጨራርሰዋል። ቢልና ሎካይ ግን ወደ ፍርስራሹ ወርደው መሳደዳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ኡሁራ፣ ጥላቻ ብቻ ነው እንዴ ከመጀመሪያው የነበራቸው ብላ ትጠይቃለች። ካፒቴኑ አይደለም፣ የቀራቸው ግን እሱ ብቻ ነው ይላታል። ከነበራቸው ውስጥ ግን ፊልሙ አንዱን እንኳ አያሳየንም፤ ምን ይበሉ እንደ ነበር፣ ልጅ ሲወለድ ምን ይባል እንደ ነበር፣ የአንዲት ሰፈር ስም እንኳ አልተነገረንም። ስለ ቼሮን ያወቅነው ቀኝና ግራ ብቻ ነው።

ስለ አዳማ ይህን ያህል ጥቂት የምናውቅበት ምክንያት የለም። በዚህ ከተማ የባቡሩን ዘመን የሚያስታውሱ፣ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጉልበታቸውን የጨረሱ፣ በሁለቱም ስሞች የሚጠሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። ኅብረቱ ጥቂቶቹን ወደዚህ አዳራሽ ጋብዞ ስለ ሰፈሮቹ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ስሞቹ አመጣጥ በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲነግሩን፣ የሚሉትም በመጽሔታችን እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሐሳቡን የሚደግፍም የሚቃወምም እጁን ያውጣ፤ ወንበሮቹን እስኪሰበስቡ ግማሽ ሰዓት አለን።