የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ እንዴት ይሰፋል?

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት ራሱን ችሎ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ዲስኩም ብዙውን ጊዜ በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህ ዲስክ ከ20 ወደ 40 ጊጋባይት ቢያድግም፣ በማሽኑ ውስጥ የሚሠራው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና አዲሱን ቦታ ወዲያው አይጠቀምበትም፤ ምክንያቱም ፓርቲሽን የሚባለው የዲስክ ክፍል መነሻውና መድረሻው በሰንጠረዥ ተመዝግቦ በቀድሞው ወሰኑ ስለሚቆይና፣ ፋይሎች የት እንዳሉ የሚመዘግበው የፋይል ሥርዓትም የሚያውቀው ያንኑ ወሰን ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የመረጃውን ቅጂ ካስቀመጠ በኋላ፣ «ኤልኤስቢኤልኬ» በሚለው ትእዛዝ የዲስኩንና የፓርቲሽኑን መጠን ያነጻጽራል። ከዚያም ከፓርቲሽኑ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ የዲስኩን ስምና የፓርቲሽኑን ቁጥር ነጣጥሎ በመጻፍ በ«ግሮውፓርት» ወሰኑን ይገፋል። የፋይል ሥርዓቱ ኤክስት4 ከሆነ «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»፣ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ «ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ» ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ሂደቱን ያጠናቅቃል። በኤክስት4 ቦታ ለመቀነስ ሲፈለግ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፓርቲሽኑ ከፋይል ሥርዓቱ ቀድሞ ካጠረ፣ ከወሰኑ ውጭ የቀረው መረጃ ለጥፋት ይዳረጋል።