ገበሬ ዘሩን አይበላም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ሰው የተወለደበትን ቀን ሲያከብር ዕድሜውን ይቈጥራል። ትምህርት ቤት ግን በዓሉን ሲያከብር ሊቈጥር የሚገባው የወጣለትን ገንዘብና ድካም፥ ከዚያም የተገኘውን ፍሬ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ የሕዝብ ገንዘብ ለትምህርትና ለምርምር ስለ መዋሉ ነው።

በቤትም በአደባባይም እንዲህ የሚል ጥያቄ ይሰማል፤ «አገር በመጀመሪያ መበልጸግ አለባት። ምርምር የሀብታም አገር ሥራ ነው። መንገዱ ሳይጠረግ፥ ጎተራው ሳይሞላ፥ ገንዘብን በመጻሕፍትና በቤተ ሙከራ ላይ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል?» ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትም ልጆቻቸውን ለማስተማር ከአፋቸው የቀነሱ ወላጆች ናቸው። ስለሆነም መልሱን በባዶ ቃል ሳይሆን በአንዲት ትንሽ አገር ታሪክ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ይህችውም አገር በሰሜን አውሮፓ የምትገኘው ፊንላንድ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፊንላንድ ሕዝብ ዛሬ 5.6 ሚሊዮን ያህል ነው። ምድሯ አብዛኛው ደን ነው፤ የበረዶው ወራት ረጅም፥ እህል የሚበቅልበት ወራት አጭር ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በስዊድን ሥር፥ ከ1809 ጀምሮ ደግሞ በሩስያ ቄሣር ሥር ኖራ ነጻነቷን ያወጀችው በ1917 ነው። ዛሬ ስሟ የሚጠራው ከበለጸጉት አገሮች ጋር ስለሆነ፥ ሁልጊዜ እንዲህ የነበረች ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ1866 እስከ 1868 በደረሰባት ረኃብ ከ100,000 በላይ ሕዝብ አልቆባታል። ሰዎቹ የጥድ ዛፍ ቅርፊት ልጠው፥ ውስጠኛውን ክፍል አድርቀውና ፈጭተው ከዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ዳቦ ይጋግሩ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስለ ሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አቋቋም የሚወስነው ድንጋጌ የወጣው በዚያው በ1866 ዓመተ ምሕረት ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ኡኖ ሲግኔውስ የሚባል ካህን ነበር። ከድንጋጌው ሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1863፥ ዩቫስኩላ በምትባል ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቁሞ ነበር። ይኸውም በመጀመሪያ መምህሩን፥ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማዘጋጀቱ ነው። ልጆቹም ከንባብና ከሒሳብ ጋር የእጅ ሥራን እንዲማሩ አደረገ።

አንዳንድ ሰው «ፊንላንዶች ቀድሞም ማንበብ ያውቁ ነበር» ብሎ ይከራከር ይሆናል። እውነት ነው። ጳጳሱ ሚካኤል አግሪኮላ በአገሩ ቋንቋ የመጀመሪያውን የፊደል መጽሐፍ ያሳተመው በ1543 ነው። በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግም ሰው ቅዱስ ቊርባን ከመቀበሉና ከማግባቱ በፊት የሃይማኖቱን ትምህርት ማወቅ እንዳለበት ያዝዝ ስለ ነበር፥ ንባብ በየመንደሩ ተስፋፍቶ ነበር። ነገር ግን ማንበብ የሚችለው ብዙ ሆኖ ሳለ፥ መጻፍ የሚችለው ጥቂት ነበር። ካህናቱ የጀመሩትን መንግሥት በገንዘብ ባይቀጥለው ኖሮ ዳዊት ከመድገም ባላለፈ ነበር። እኛም ብንሆን ፊደል የሚያስቈጥሩ የኔታዎችና የቆሎ ተማሪዎች ያሉን ሕዝብ ስለሆንን፥ ከባዶ መሬት የምንነሣ አይደለንም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የተሠራው ቀስ በቀስ ነው። በ1898 የወጣ ደንብ የገጠር ወረዳዎች ሁሉ በትምህርት ቀበሌ እንዲከፈሉና የማንም ልጅ የትምህርት ቤት መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ አዘዘ። በ1921 ትምህርት በሕግ ግዴታ ሆነ። በ1943 ደግሞ፥ አገሪቱ ገና በጦርነት ላይ ሳለች፥ ለተማሪ ሁሉ በየቀኑ ያለ ዋጋ ምሳ እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ከ1948 ጀምሮም በመላው አገር ተፈጸመ። ምሳው ድግስ አልነበረም፤ ገንፎና ሾርባ ነበር። ልጆቹም ከትምህርት ሰዓት ውጭ አትክልት በመኰትኰትና የዱር ፍሬ በመልቀም ለምሳቸው ይረዱ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው በምን ዓይነት ጊዜ እንደ ነበር እናስታውስ። ከጦርነቱ በኋላ ፊንላንድ ለሶቪየት ኅብረት 300 ሚሊዮን ዶላር ካሣ በመርከብ፥ በመኪናና በልዩ ልዩ ዕቃ እንድትከፍል ተፈርዶባት ነበር። ከአገሯ ከተቈረሰው መሬት የተፈናቀሉ ከ400,000 በላይ ዜጎችንም ማስፈር ነበረባት። ካሣውን ከፍላ የጨረሰችው በ1952 ነው። ዕዳ በሚከፈልበት በዚያው ዘመን የልጆቹ ምሳ አልተቋረጠም። ክፉ ቀን የመጣበት ገበሬ ብዙ ነገሩን ሊሸጥ ይችላል፤ ዘሩን ግን አይበላም። ዘሩን ከበላ የሚመጣውን ዓመት በልቶታልና። የፊንላንድ ሰዎች ትምህርትን የቈጠሩት እንደ ዘር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ምርምር ልለፍ። «ትንሽ አገር ለምን ትመራመራለች? ትልልቆቹ አገሮች ያገኙትን መቅዳት አይበቃትምን?» የሚሉ አሉ። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፥ ዕውቀትን ከሌላው ለመቅዳት እንኳ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ባዶ ጭንቅላት ከሌላው መጽሐፍ የሚወስደው ነገር የለም። ሁለተኛው፥ የእያንዳንዱ አገር ችግር የራሱ ነው፤ ባለቤቱ ካልተመራመረበት ሌላ የሚጨነቅለት የለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታኔን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በፊንላንድ ከብቶች በበረዶው ወራት ከበረት ስለማይወጡ የሚበሉት አስቀድሞ የተከማቸ መኖ ነው። ሣሩ ድርቆሽ ሲሆን ከጥቅሙ ብዙውን ያጣል፤ እርጥቡን በጉድጓድ ከምረው ሲያቈዩትም ይበሰብስባቸው ነበር። ቪርታኔን ቫሊዮ በሚባለው የገበሬዎች የወተት ማኅበራት ድርጅት ቤተ ሙከራ ሲሠራ፥ እርጥቡ መኖ ላይ በመጠን የተቀመመ አሲድ ቢጨመርበት መበስበሱ ቆሞ ጥቅሙ እንደ ተጠበቀ እንደሚቈይ አገኘ። በዚህም ከብቶቹ በበረዶው ወራት ጥሩ ወተት ለመስጠት ቻሉ። ስለዚህና ስለ ሌላውም የእርሻና የምግብ ኬሚስትሪ ምርምሩ በ1945 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ምርምሩ የተጀመረው ከጎረቤት ከብት በረት ነበር፤ ፍጻሜው ግን ከዓለም አደባባይ ደረሰ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቤተ ሙከራ ሊያቆም አይችልም፤ ገበሬዎቹ ሁሉ በማኅበር ሲያዋጡ ግን ተቻላቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለምርምርም ይሠራል።

ኋላም መንግሥቱ በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1958 ከዋና ከተማው ርቃ በሰሜን በምትገኘው በኦሉ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ሕግ ወጣ። በ1968 የድኻውና የባለጠጋው ልጅ እስከ ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲማር ተደነገገ። ይህ ሕግ መፈጸም የጀመረው በ1972 ነው፤ የጀመረውም ከዋና ከተማው ሳይሆን ከሩቁ ከላፕላንድ ነው፤ ሄልሲንኪ በመጨረሻ በ1977 ደረሳት። ከ1979 ጀምሮም ትንንሽ ልጆችን የሚያስተምር መምህር እንኳ የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖረው ታዘዘ። በ1983 ለቴክኒክ ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ ቴኬስ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1991 ነው። ባንኮች ተናጉ፤ የሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ትልቅ ገበያ ጠፋ። በ1990 ከመቶ ሠራተኛ ሦስቱ ያህል ሥራ ያጡ ነበሩ፤ በ1994 ግን ከዐሥራ ስድስት በላይ ሆኑ። መንግሥት ከብዙ ነገር ላይ ገንዘብ ቀነሰ፤ ትምህርት ቤቶችም ከቅነሳው አላመለጡም። ለምርምር የሚሰጠውን ግን ጨመረ። በዐሥሩ ዓመት መጀመሪያ መንግሥትና ኩባንያዎች በአንድነት ለምርምር የሚያወጡት ከአገሪቱ ጠቅላላ የዓመት ምርት ከመቶ 2 ያህል ነበር፤ በ2000 ግን ከመቶ 3 አልፎ ተገኘ። በ1865 የእንጨት መፍጫ ሆኖ የተመሠረተው ኖኪያ በ1998 ከዓለም የስልክ ሠሪዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በዚያው በችግሩ ዓመት በ1991፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ በ21 ዓመቱ፥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጽፎ ለዓለም በነጻ ሰጠ። ዛሬ በብዙዎቻችሁ ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ይለን ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። በ2009 ከመቶ 3.7 ያህል ደርሶ የነበረው የምርምር ወጪ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ በ2016 ወደ ከመቶ 2.7 ወረደ። የኖኪያ የስልክ ክፍል በ2014 ለማይክሮሶፍት ተሸጠ። መንግሥትም ለቴኬስ ከሚሰጠው ላይ ቈረጠ። በ15 ዓመት ልጆች መካከል በየጊዜው በሚደረገው ዓለም አቀፍ ፈተና፥ በ2006 ፊንላንዶች በሳይንስ 563 ነጥብ አግኝተው አንደኛ ነበሩ፤ በ2022 ግን ያገኙት 511 ነው። ይህም ቢሆን ከበለጸጉት አገሮች አማካይ በላይ ነው፤ መውረዱ ግን መውረድ ነው። ዕውቀት አንድ ጊዜ ተገዝቶ በሣጥን የሚቀመጥ ዕቃ አይደለምና፥ በየዓመቱ ሊዘራ ይገባዋል። የአገሪቱ ፓርቲዎች ይህን አይተው፥ የምርምር ወጪ በ2030 ከመቶ 4 እንዲደርስ ተስማምተው በሕግ አጸኑት።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? አገራችን በስፋቷም በሕዝቧ ብዛትም ትንሽ አይደለችም። ነገር ግን ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ፥ እንደ ትንሽ አገር ማሰብ ይገባናል። ጤፍንና እንሰትን ሌላው ዓለም ዋና ምግቡ ስላላደረጋቸው፥ እኛ ካልተመራመርንባቸው በእኛ ፈንታ የሚደክምባቸው ጥቂት ነው። ፍሬ ለማፍራት እንደምንችልም ምስክር አለን። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በጭቃ ቤት ተወልደው፥ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፥ ኋላም በአሜሪካ ባደረጉት ምርምር አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማግኘታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር እየመጠጠ የገበሬውን ልፋት ከንቱ የሚያደርግ አረም እንደሆነ ወላጆቻችን ያውቁታል። ለአንድ የድኻ ልጅ ትምህርት የወጣው ገንዘብ ለስንት ገበሬ እንጀራ እንደሆነ ማን ሊቈጥረው ይችላል?

ወላጆች ሆይ፤ ገንዘባችሁ በከንቱ አልፈሰሰም፤ ነገር ግን ፍሬው ዛሬ ወይም ነገ ካልታየ አትቍረጡ። ከሲግኔውስ ድንጋጌ እስከ ቪርታኔን ሽልማት 79 ዓመት አልፏል።

መምህራኖቼ ሆይ፤ ከፊንላንድ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ አስታውስ ብትሉኝ፥ የማስታውሰው ከትምህርት ቤቶቹ በፊት የመምህራኑ ማሠልጠኛ መቋቋሙን ነው። መምህሩ ያልተከበረበትና ያልጠገበበት ትምህርት ቤት ግድግዳው ቢያምርም ባዶ ቤት ነው። ይህንንም የሕዝብን ገንዘብ የሚያዝዙ ሁሉ ቢሰሙት መልካም ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። የተቀመጥንበት ወንበርና ያነበብነው መጽሐፍ የተገዛው ብዙዎች ትምህርት ቤት ሳይገቡ በከፈሉት ግብርና በለጋሾች ስጦታ ነው። ስለዚህ ባለዕዳዎች ነን። ዕዳው በወርቅ የሚከፈል አይደለም፤ አንዳችን ገጠር ወርደን ስናስተምር፥ ሌላችን ስለ አረሙና ስለ በሽታው ስንመራመር፥ ሁላችንም ሥራችንን በታማኝነት ስንሠራ ይከፈላል። ወደ ውጭ አገር ሄደን ብንማርም፥ የተማርነው የሚጠቅምበትን መንገድ እንፈልግ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።