የሊምፍ ሥር ዕድገትን በሕያው አካል ውስጥ ስለ መመልከት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1622 ጋስፓሬ አሴሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በቅርቡ የበላ ውሻ ሆድ ሲከፍት፣ አንጀትን አንጠልጥሎ በሚይዘው ስስ ገበር ላይ የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች አየ። በመጀመሪያ ነርቮች መሰሉት። አንዱን ሲወጋው ግን ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ሌላ ውሻ ቢከፍት ምንም አላገኘም፤ ያኛው ውሻ ምግብ አልቀመሰም ነበርና። የሊምፍ ሥር ግድግዳው እጅግ ስስ፣ በውስጡ የሚያልፈውም ፈሳሽ እንደ ውኃ የጠራ በመሆኑ፣ የሚታይ ነገር ካልተሸከመ ከዓይን ይሰወራል።

ይህ ችግር እስከ ዛሬ ተመራማሪውን አልለቀቀውም። የሊምፍ መንገድ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረር ወይም በበሽታ ሲቋረጥ ፈሳሹ በሥጋ ውስጥ ተከማችቶ እጅና እግር ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሄልሲንኪ በካሪ አሊታሎ የሚመራው ቡድን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.-ሲ የተባለውን ፕሮቲን ከለየና፣ በተከታዩ ዓመት የሊምፍ ሥርን እንደሚያሳድግ በአይጦች ላይ ከታየ ወዲህ፣ አዲስ ሥር አብቅሎ እብጠቱን የመፈወስ ተስፋ ተፀነሰ። ነገር ግን ሥሩ መብቀሉ በምን ይታወቃል? ቀድሞ በየዕለቱ የተለያዩ አይጦች እየተገደሉ ቆዳቸው በስሱ ተቆርጦ ይመረመር ነበር። የአንዱ አይጥ ሰኞ ከሌላው አይጥ ዓርብ ጋር ይነጻጸራል ማለት ነው።

አሁን መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሊምፍ ሥር ሕዋሳት የሚሠሩበትን ፕሮክስ-1 የተባለ ዘረ-መል ከጄሊፊሽ ከተገኘ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጋር ያቆራኙ አይጦችን ማርባት ነው። የዚያው አንዱ አይጥ የዓይን ብሌን ሽፋን፣ በጤናው ጊዜ ሥር የሌለውና የጠራ ስለሆነ፣ ቀን በቀን በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁለተኛው፣ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለውን ቀለም ከቆዳ ሥር መውጋትና 800 ናኖሜትር በሚጠጋ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን መከታተል ነው። በዚህ የሞገድ ክልል ደምም ውኃም ብርሃንን እምብዛም ስለማይውጡ፣ ካሜራው ቀለሙ በሥሩ ምት እየተገፋ ሲያልፍ ይቀርጻል።

ሁለቱ አንድ ነገር አይናገሩም። አረንጓዴው ሥዕል ቧንቧው መኖሩን ያሳያል፤ ቀለሙ ደግሞ ፈሳሽ ማለፉን። ቦይ መቆፈር ውኃ ማሳለፍ እንዳልሆነ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም። በችኮላ የበቀለ የሊምፍ ሥር ሰፊ፣ የተዘበራረቀና የሚያንጠባጥብ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ለሙከራ የተቆረጠው የአይጥ ጅራት እብጠት በሳምንታት ውስጥ በራሱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ማነጻጸሪያ ከሌለ ተፈጥሮ የሠራችው ለመድኃኒቱ ይቆጠራል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። በዚያው ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ የዘረ-መል ሕክምና፣ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ እጃቸው ባበጠባቸው ሴቶች ላይ ከቀዶ ሕክምና ጋር ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተገለጸው ውጤት ከቀዶ ሕክምናው በላይ የተጨመረ ጥቅም መኖሩን ለማረጋገጥ አልበቃም።

በአገራችን በወላይታና በሌሎችም ደጋማ አካባቢዎች በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ የሚይዘው የእግር ዝሆኔ ደግሞ በብዙ ዓመታት የሚጎለብት ነው፤ በአንድ ቀን የተቆረጠ ጅራት አይመስለውም። ጫማና የእግር ንጽሕና ካሜራ ሳይጠብቁ ይሠራሉ። መሐንዲሱ ግን የጥልቀቱ ጉዳይ ይጠብቀዋል፦ በአይጥ ቆዳ ሥር ጥርት ብሎ የሚታየው ብርሃን፣ በሰው ጭን ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይዘልቅ ተበትኖ ይጠፋል።