የአይጥ መከላከያ ስንመርጥ ምን እናስላ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን የዓመቱን ሂሳብ ካቀረብኩ በኋላ ስለ አይጥ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ «እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ አይጥ ምን አውቃለሁ?» ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የአይጡን መድኃኒት ክፍያ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም ወይ?» አሉኝ። እውነት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ግብርና ባለሙያ ሳይሆን ቼክ ፈርማ እንደተጸጸተች ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ብዙዎቻችሁ አይጥ ስንዴውንም ገብሱንም ጨረሰው ብላችሁ ለኮሚቴው አመለከታችሁ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ የአይጥ መድኃኒት በጅምላ ይገዛ ብሎ ወሰነ። ርካሽ ነበር። በመዝገቤ ላይ አንዲት አጭር መስመር ናት፤ ከሻይ ቡና ወጪያችን እንኳ ታንሳለች። ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ላስቲክ የታሰረ ጥቁር ዱቄት ነበር፤ ለየአባሉ ታደለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እናታችን ቢሮ መጡ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ወስደው ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገዝተው ነበር። ማታ መድኃኒቱን በእህል ለውሰው ጎታው ሥር አኖሩት። ሌሊት አይጦቹ እህሉን ጎትተው ደጃፍ ላይ በተኑት፤ ጠዋት ዶሮዎቹ ለቀሙት። እኩለ ቀን ሳይሆን ስድስቱም አለቁ። የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውም እዚያው ደጃፍ ላይ ይጫወት ነበር፤ እሱን እግዚአብሔር አተረፈው።

እኝህ እናት ቢሮ የመጡት ሊከሱን አልነበረም። «ልጄ፣ የወሩን ብድር ልከፍል ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ዶሮዎቹ ሞተው የለም?» ብላቸው «ዶሮዎቹ ቢሞቱም ብድሩ አልሞተም» ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ። ያን ቀን የሰጠኋቸው ደረሰኝ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። በመዝገቤ ላይ ያቺ አጭር መስመር እንዳለች ናት፤ የስድስቱ ዶሮ ኪሳራ ግን የትም አልተጻፈም። ርካሽ ያልነው ነገር ርካሽ የሆነው ዋጋውን ሌላ ሰው ስለከፈለው ነው።

አይጦቹስ? ገና ከመውቂያው በፊት ተመልሰው መጡ።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያ እየጠየቅሁ፣ እናንተንም እየሰማሁ ቆይቻለሁ። የተማርኩትን በአራት ጥያቄ አጠቃልዬዋለሁ። ማንኛውንም መከላከያ ከመግዛታችን በፊት አራቱን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው፦ የበላው ማን ነው? ሌባው ሳይታወቅ ወጥመድ አይጠመድም። አይጥ አገዳውን በሰያፍ ቆርጦ ይጥላል፤ የተፈረፈረ ዛላና ደቃቅ ኩስ ትቶ ይሄዳል። ፍልፈል ከመሬት በላይ አይታይም፤ የአፈር ቁልል እየሠራ ሥሩንና ድንቹን ከታች ይበላል። ጃርት ሌሊት ድንች ቆፍሮ ወስፌውን ጥሎ ይሄዳል። ጥንቸል ቡቃያውን በጥርሷ ሙልጭ አድርጋ ትቆርጣለች፤ ኩሷ ክብ ነው። ጦጣና ዝንጀሮ በቀን ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት በስናን በኩል ያለች አንዲት አባላችን ለአይጥ ብላ የገዛችው ወጥመድ አንድም አልያዘላትም፤ ድንቿን ሲበላ የነበረው ፍልፈል ነበርና።

ሁለተኛው፦ መቼ? እዚህ ላይ ነው ገንዘባችንን የምናባክነው። እኛ የምንነሣው እህሉ ሲያሸትና አይጡ ሲበዛ፣ ማለትም በመስከረምና በጥቅምት ነው። አይጥ ግን የሚራባው ዝናቡ ሣሩንና ዘሩን ሲያበዛለት ነው። የሜዳ አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። በግንቦትና በሰኔ ማሳው ባዶ ሆኖ ምግብ ሲያጥራት በቁጥር ጥቂት ናት። በሰኔ አንዲት እናት አይጥ መግደል በጥቅምት አንድ መንጋ መግደል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በበጀት ቋንቋ ስናገር፣ የአይጥ ወጪ በአራተኛው ሩብ ዓመት እንጂ በአንደኛው መያዝ የለበትም።

ሦስተኛው፦ ሌላ ማንን ይጎዳል? ያ ጥቁር ዱቄት ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም፤ ሰውንም ዶሮንም ከአይጥ አይለይም። ጥቂት ቀምሳ የታመመችና የተረፈች አይጥ ደግሞ ሁለተኛ አትነካውም። ለነቀዝ ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚጣለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብልም ይህንኑ ጋዝ ነው የሚያወጣው። ሰው በሚተኛበት ቤት በፍጹም አይቀመጥ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሌሎች መርዞችም አሉ፤ አይጡን የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ነው፤ ለሰው ሐኪም ቤት በቫይታሚን ኬ ሊታከም ይችላል። ይሁንና የተመረዘችውን አይጥ የበላ ድመትና ጉጉት አብሮ ይጎዳል። ያኔ የነጻ ሠራተኞቻችንን ነው የምናሰናብተው።

መርዝ ጨርሶ አይገዛ ማለቴ አይደለም። ከተገዛ ግን የተመዘገበ፣ ማሸጊያው ላይ በምናነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ በባለሙያ ምክር የሚቀመጥ ይሁን። ሕግም ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔ ያን ክፍያ ስፈርም ላስቲኩ ላይ ምን እንደተጻፈ አልጠየቅሁም። ምንም አልተጻፈበትም ነበር። ደግሞ አደራ፦ ሰው ቢነካው ወይም ቢቀምሰው ወተት እያጠጣን እንቆይ አንበል፤ ማሸጊያውን ይዘን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

አራተኛው፦ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ? ማሳዬን ብቻዬን ባጸዳ የጎረቤቴ አይጥ በሳምንቱ ይገባል። አይጥ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አያውቅም። ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 አንድ ባለርስት ለአደን ብሎ ሁለት ደርዘን ያህል ጥንቸል ከእንግሊዝ አውስትራሊያ አስገባ። ተራብተው አገሩን አለበሱት። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር አጥሮ በ1907 ጨረሰ፤ ጥንቸሎቹ ግን አጥሩ ሳያልቅ አልፈው ነበር። በ1950 የጥንቸል በሽታ ለቀቁባቸው፤ አብዛኞቹ አለቁ፤ የተረፉት ግን በሽታውን እየለመዱ እንደገና በዙ። በመጨረሻ የተማሩት አንድ መድኃኒት እንደማይበቃ ነው። ጉድጓዱን ማፍረስ፣ ማጠርና መግደል አብሮ፣ ከጎረቤት ጋርም በአንድ ጊዜ መሆን አለበት። የእኛ ጥንቸል እንደዚያኛው ጉድጓድ ቆፍራ በመንጋ አትኖርም፤ ለእኛ አውስትራሊያን የሚያስታውሰን አይጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ደጋ ባደረጉት ጥናት የድንጋይ እርከን በተቀራረበበት ማሳ አይጥ በዝቶ አግኝተዋል፤ የድንጋዩ ክፍተት ቤት ይሆናታልና። ይህ እርከን ይፍረስ ማለት አይደለም። በእኛ በጮቄ ሥር አፈራችንን የያዘልን እርከን ነው። ግን ክፍተቱን በአፈር እንድፈን፤ ዳሩ ላይ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ እንጨድ። ሣሩ ለከብት ይሆናል፤ አይጧም መደበቂያ ታጣለች።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ጎታውና ጎተራው የእኛ የሴቶች ነውና። አንድ ትልቅ የቤት አይጥ በቀን 20 ግራም እህል ይበላል ብለን ብናስብ በዓመት 7 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። አሥር አይጦች 73 ኪሎ፤ የአንድ ኩንታል ሦስት አራተኛ ያህል ማለት ነው። የቀደዱትን ጆንያና በሽንታቸው ያበላሹትን ገና አልቆጠርኩም። በአጠገባችሁ ያለውን የገበያ ዋጋ አባዙትና እያንዳንዳችሁ ለአይጥ ስንት ግብር እንደምትከፍሉ እወቁ።

ይህን ግብር የሚያስቀረው ምንድን ነው? አንድ፣ ጎተራውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ ከግድግዳና ከዛፍ ማራቅ፣ እግሮቹን ልሙጥ ቆርቆሮ ማልበስ፤ አይጥ ልሙጥ ቆርቆሮ ቧጥጣ አትወጣም። ሁለት፣ ጎታው ሥር የተበሳውን በጠጠርና በጭቃ መድፈን። ሦስት፣ ክምሩን በእንጨት ቆጥ ላይ መከመርና ቶሎ መውቃት። አራት፣ ወጥመድ። አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ ወጥመዱ በግድግዳው ጥግ ይቀመጥ፤ አዲስ ነገር ስለምትፈራም ሁለት ሦስት ቀን ሳይወጠር ምግብ ብቻ ይኑርበት። አምስት፣ ድመት፤ የራበው ድመት ጎረቤት ይሄዳልና ጥቂት ይቀመስ። አየር የማያስገባው ከረጢት ለነቀዝ ጥሩ ነው፤ አይጥ ግን ትቀደዋለች፤ እሱንም ከፍ ባለ ቦታ እናስቀምጥ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው በጀት «የአይጥ መድኃኒት» የሚለው ርዕስ ይሰረዝ። በምትኩ «የእህል ጥበቃ» የሚል ርዕስ ይከፈት፤ ገንዘቡም ለቆርቆሮና ለወጥመድ ይዋል። ወጥመዱ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ በፈረቃ ይዙር። በየዓመቱ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ከየቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን በወንፈል እንውጣ፤ ባሎቻችንና ልጆቻችንም ይውጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከተባለ ለአይጥማ አያንስም።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ተገዝቶ የታደለ ነገር ለሪፖርት ይመቻል፤ «ይህን ያህል ጥቅል ለይህን ያህል አባል» ተብሎ ይጻፋል። እኔም እንዲህ ብዬ ጽፌላችሁ ነበር፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ያልጻፍኩት ከታደለ በኋላ የሆነውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሪፖርቴ ላይ ሁለት ዓምድ እጨምራለሁ፦ ምን ዳነ፣ ምን ጠፋ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ባልሆነ ጊዜ ስላስነበብኳችሁ አትቀየሙኝ።

የእኝያን እናታችንን ብድር በተመለከተ፣ የጥፋቱ ምንጭ እኛ ስለሆንን የስድስቱ ዶሮ ዋጋ ከማኅበሩ ይመለስላቸው ብዬ ለኮሚቴው ጽፌአለሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት ለድምፅ ይቀርባል። እሳቸው አልጠየቁም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን መዝገቧ እንዲዘጋላት ትፈልጋለች።