መድኃኒቱ የማን ነው?
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የዝግጅት ኮሚቴው «አንተ የመድኃኒት ቤት ሰው ነህና ስለ ሙያህ አንድ ነገር በለን» ሲለኝ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል። እኔ ግን ሌላ ርዕስ መርጫለሁ። ምክንያቱም ከዓመታት በፊት እዚሁ ናይሮቢ አንዲት እናታችን የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሁለት ፓኮ መድኃኒት ጎን ለጎን አስቀምጬላቸው ነበር። «ልጄ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው ካልከኝ፣ ይኼኛው ስለ ምን የዚያኛውን ብዙ እጥፍ ያወጣል? ወርቅ አለበት እንዴ?» አሉኝ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ስለነበር «እማማ፣ የኩባንያው ስም ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። መልሴ ውሸት ባይሆንም ግማሽ ነበር። ዛሬ ቀሪውን ግማሽ ልመልስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ሲያገኝ፣ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራውና እንዳይሸጠው መንግሥት መብት ይሰጠዋል። ይህ ፓተንት ይባላል። በምላሹ ባለመብቱ አሠራሩን ለሕዝብ ይገልጣል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያመርቱታል። ጄኔሪክ የምንለው ርካሽ መድኃኒት ከዚህ ይመጣል። እንግዲህ የዚያች እናት ጥያቄ መልሱ ያለው መብቱ በምን ላይና እስከ ምን ድረስ እንደተሰጠ በሚወስነው ሰው እጅ ነው። ይህ ሰው የፓተንት መርማሪ ነው።

ኬንያ ቀድሞ የራሷ ምርመራ አልነበራትም። በእንግሊዝ አገር የተሰጠ ፓተንት እዚህ ይመዘገብ ነበር እንጂ ናይሮቢ ላይ የሚጠይቀው አልነበረም። በ1989 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠ፤ የ2001 የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ ደግሞ ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኪፒ» የምንለውን ተቋም አቆመ። ማመልከቻ ሐራሬ በሚገኘው በአፍሪካ አገሮች የጋራ ድርጅት በ«አሪፖ» በኩልም ሊመጣ ይችላል።

መርማሪው ምን ያደርጋል? የፓተንት ማመልከቻ መጨረሻ ላይ በቁጥር የተዘረዘሩ ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ እንደ ርስት ድንበር ናቸው፤ «ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ዛፍ የእኔ ነው» እንደማለት። መርማሪው ድንበሩን በእግሩ እየሄደ የሚለካ ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህ ውህድ አዲስ ነው ወይ?» የሚል ነው። በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ ቀደም ብሎ ከታተመ ወይም በተግባር ከታወቀ አዲስ አይደለም። ሁለተኛው «ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ እርምጃ አለበት ወይ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «በሥራ ላይ ሊውል ይችላል ወይ?» ነው።

ትልቁ ክርክር ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ኩባንያዎች የቆየውን መድኃኒት ጨው ቀይረው፣ የክሪስታሉን ቅርጽ ለውጠው ወይም መጠኑን አስተካክለው አዲስ ማመልከቻ ያስገባሉ። አንዳንዱ ለውጥ በእርግጥ በሽተኛውን ይጠቅማል። አንዳንዱ ግን 20 ዓመቱን ለማስረዘም ብቻ የተደረገ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2013 የኖቫርቲስን «ግሊቬክ» የተባለ የደም ካንሰር መድኃኒት ጉዳይ ሲወስን፣ የክሪስታሉ ቅርጽ መለወጥ መድኃኒቱን በማዳን ኃይሉ የተሻለ እንዳደረገው አልተረጋገጠም ብሎ ፓተንቱን ከልክሏል። ሌላም ብልሃት አለ። አመልካቹ ጥቂት ውህዶች ሠርቶ በአንድ ጥያቄ ሺህ የሚሆኑ ዘመዶቻቸውን ይጠቀልላል። በአንድ ወንድም ስም የዘር ማንዘርን ርስት መጠየቅ ማለት ነው። ጎበዝ መርማሪ «የሠራኸውን አሳየኝ፤ ያልሠራኸውን አልሰጥህም» ይለዋል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በ2001 መጀመሪያ ላይ ለአንድ የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የዓመቱ መድኃኒት በባለፓተንቶቹ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ሲፕላ የተባለው የሕንድ ፋብሪካ ያንኑ ሕክምና በ350 ዶላር አቀረበ። የ2001 የኬንያ ሕግ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ ለገበያ የቀረበን መድኃኒት ማስገባት እንዲቻል በር ከፈተ። ቀጥሎ በ2008 የወጣው የሐሰተኛ ዕቃዎች መከላከያ ሕግ ጄኔሪክን ከሐሰተኛ መድኃኒት ጋር ሊያደባልቅ በሚችል ቃል ተጻፈ። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሦስት ኬንያውያን ከሰሱ፤ ዳኛ ሙምቢ ንጉጊ በኤፕሪል 20 ቀን 2012 በሰጡት ፍርድ፣ ድንጋጌዎቹ የሰውን በሕይወት የመኖርና የጤና መብት የሚነኩ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። በዚያን ዘመን በዚህ ከተማ ስንቱን ወገናችንን እንደቀበርን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

በሌላ በኩል ሚዛኑን መሳት አይገባም። አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። መርማሪው ለሁሉም እንቢ ቢል የሚደክም አይገኝም። ለሁሉም እሺ ቢል ደግሞ ድኃው ያልቃል። ስለዚህ የምንፈልገው የተማረና የማይቸኩል መርማሪ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ናቸው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ያዩትን መርምረው በማሳተማቸው ግኝቱ በእሳቸውና በአገራችን ስም ይታወቃል፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በ1990ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ በሚደፍን ሌላ የዛጎል እንስሳ ላይ እንዶድን ለመጠቀም ፓተንት አገኘ። የአድዋ እናቶች ስም ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም። በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር በተግባር ብቻ የሚታወቅን ነገር እንደ ቀደምት እውቀት አይቆጥርም ነበር፤ ታትሞ መገኘት ነበረበት። ይህ የተለወጠው በ2013 ነው።

ጤፋችንም አልቀረም። በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ በሆላንድ የሻረው በኖቬምበር 2018 ነበር። መርማሪ ያሳለፈውን ለማረም 11 ዓመት ፈጀ።

ትምህርቱ ምንድን ነው? መርማሪ የሚያገኘው የተጻፈውን ነው። አያቶቻችን «ይህ ቅጠል ለዚህ፣ ያ ሥር ለዚያ» እያሉ በቃል ያቆዩት እውቀት ካልተጻፈ፣ ሌላው «እኔ ፈጠርኩት» ብሎ ሲመጣ ምስክር አይኖረንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ ልበል። አንደኛ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ኬሚስትሪና ፋርማሲ ስትማሩ ሐኪም ቤትና ፋብሪካ ብቻ አትመልከቱ፤ የፓተንት ምርመራም ሙያ ነው፣ አፍሪካም ሰው ያስፈልጋታል። ሁለተኛ፣ ልጆች ያላችሁ፣ በዚህ ክረምት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር አያት ዘንድ ስትልኳቸው ደብተር አስይዟቸው፤ የሰሙትን ከነስሙና ከነቦታው ይጻፉ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት ስትገዙ የንጥረ ነገሩን ስም ጠይቁ፤ በኬንያ የመድኃኒትና መርዝ ቦርድ የተመዘገበ ጄኔሪክ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሐሰተኛ አይደለም።

እነዚያ እናት ዛሬ ከእኛ ጋር የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቢኖሩ ኖሮ እንዲህ እላቸው ነበር፦ «እማማ፣ ወርቅ የለበትም። ያለበት ድንበር ነው። ድንበሩን በትክክል የሚለካ ሰው ካለ፣ እርስዎም መድኃኒትዎን ያገኛሉ፣ የደከመውም ዋጋውን ያገኛል።»